ድንች ክረምትን ለምን ፈራ?

ድንች ቀዝቃዛ አየር ይስማማዋል፣ ውሃም ይፈልጋል። ከቡሬ ወደ ሰከላ ከፍ እያላችሁ ስትሄዱ ሁለቱም ሞልቷል። ታዲያ የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ይህን ሁሉ የክረምት ዝናብ ትቶ፣ ድንቹን ለረጅም ዘመን በበጋ ወንዝ እየጠለፈ ሲያለማ የኖረው ለምንድን ነው?

ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። ድንች አገሩ የደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራራ ነው፤ ለእኛ እንግዳ ሰብል ነው። ወደ ኢትዮጵያ አስገባው የሚባለው ጀርመናዊው የእፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1858 ነው። ሰውየው በ1837 ትግራይ ገብቶ፣ በደጃዝማች ውቤ ዘመን የእንጢጮ ሹም እስከመሆን ደርሶ፣ በ1878 ዐድዋ ላይ ነው የሞተው። ድንቹ ግን ቶሎ አልተስፋፋም። በሰፊው መተከል የጀመረው ከክፉ ቀን (ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም.) ወዲህ ነው ይባላል። ይህ እኔን ብዙም አይገርመኝም፤ በዚያ ረሀብ የከብት በሽታ በሬውን ጨርሶት ነበር፣ ድንች ደግሞ በሬ ባይኖርም በዶማ ይተከላል።

አሁን ወደ ክረምቱ። ገበሬው «ምች» የሚለው የድንች በሽታ አለ። (የሰው ምች በዳማ ከሴ ይታሻል፤ የድንቹ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም።) አምጪው ፋይቶፍቶራ ኢንፌስታንስ ይባላል፤ የመጀመሪያው ቃል በግሪክኛ «እፅዋት አጥፊ» ማለት ነው። ሲያዩት ፈንገስ ይመስላል እንጂ ዝምድናው ከቡናማ አልጌዎች ጋር ነው። እንዲያውም ቅጠል ላይ ባለች የውሃ ጠብታ ውስጥ የሚዋኙ ዘሮች አሉት! እነዚህ ዘሮች በብዛት የሚፈለፈሉት አየሩ ሲቀዘቅዝና ቅጠሉ ለሰዓታት ርጥብ ሆኖ ሲቆይ ነው። የሐምሌና የነሐሴ ጭጋግ ማለት ለነሱ ድግስ ነው። ቅጠሉ ይጠቁራል፣ ማሳው ይሸታል፤ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ያ ሁሉ አረንጓዴ የተቃጠለ ይመስላል።

ይኸው ተሐዋሲ ነው በ1845 አየርላንድ ደርሶ፣ በተከታዮቹ ዓመታት አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ያለቀበትን ረሀብ ያስነሳው። የአየርላንድ «በጋ» ቀዝቃዛና ዝናባማ ነው፤ ከእኛ ክረምት ብዙም አይርቅም።

እና ገበሬው ዝናቡን የተወው ወዶ አይደለም። የሚያሳዝነው ደግሞ ወቅቱ ነው። ክረምት አሮጌው እህል ከጎተራ የሚያልቅበት፣ አዲሱም ያልደረሰበት ጊዜ ነው። ድንች ግን በሦስት በአራት ወር ይደርሳል፤ ግንቦት ላይ ከተተከለ ጤፉ ገና ሳይታጨድ ተቆፍሮ ድስት ውስጥ ይገባል። ምቹ የሚነጥቀው እንግዲህ ቤተሰቡ በጣም በሚፈልገው ሰዓት ነው።

መላው የተገኘው ከዝርያ ነው። የኢትዮጵያ የድንች ምርምር የተጀመረው በ1975 ሲሆን፣ ሊማ ፔሩ ካለው ዓለም አቀፍ የድንች ማዕከል የመጡ ብዙ መነሻ ዘሮች እዚህ ተፈትነዋል። ምች እያለ በክረምት የቆመ ይመረጣል፣ የወደቀ ይጣላል። ይልማና ዴንሳ ውስጥ ያለው የአዴት የግብርና ምርምር ማዕከል በ2001 «ዘንገና»ን፣ በ2002 «ጓሳ»ን አወጣ። ስማቸውን ልብ በሉ፤ ዘንገና እንጅባራ አጠገብ ያለው ሐይቅ ነው። ከሆለታም «ጃለኔ»፣ «ጉደኔ»ና «በለጠ» መጡ። በእነዚህ ዝርያዎች ድንች ቀስ በቀስ ወደ ክረምቱ ማሳ ገባ።

ተሐዋሲውም ቢሆን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በአንድ ክረምት ደጋግሞ ይራባል፣ ከዚያ ሁሉ ውስጥ የዝርያውን መከላከያ ማለፍ የቻለ አንድ ከተገኘ ማሳው የሱ ነው። ጃለኔ መጀመሪያ በደንብ ተቋቁሞ ነበር፤ በኋላ ግን ምቹ ለመደው። ስለዚህ ተመራማሪው አዲስ ዝርያ መፈለጉን፣ ገበሬውም ከዝናብ ጋር የሚወርደው በሽታ ድንቹ ጋ እንዳይደርስ አፈር ማስታቀፉን አላቆሙም።