ከኮሜርስ እስከ ስድስት ኪሎ፦ ተማሪው የተከራከረባቸው ዓመታት

ከሜክሲኮ አደባባይ ወደ ብሔራዊ ቴአትር ሲኬድ፣ ሰንጋ ተራ ላይ ስሙን ያተረፈው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። በዕድሜ ግን ከዩኒቨርሲቲው ይበልጣል። ሕዝቡ «ኮሜርስ» የሚለው ይህ ትምህርት ቤት የተመሠረተው ጣሊያን በወጣ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1935 ዓ.ም. ነው። እንደገና በመቋቋም ላይ የነበረው መንግሥት ሒሳብ ያዥና ጸሐፊ በብርቱ ያስፈልገው ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አራት ኪሎ ላይ የተከፈተው ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1943 ዓ.ም. ነው።

ስለ ተማሪዎች ንቅናቄ የተጻፉት ዋና ዋና መጻሕፍት ግን የሚተርኩት በአብዛኛው የአራት ኪሎንና የስድስት ኪሎን ነገር ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የተማሪው መማክርት፣ ጋዜጣውና የመከራከሪያው አዳራሽ እዚያ ነበሩ። የመዲናይቱ ሌሎች ትምህርት ቤቶች በብዛት ወደ ታሪኩ የሚገቡት ነገሩ ከአዳራሽ ወጥቶ አደባባይ ከደረሰ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ሊጤን ይገባል። ዘግይቶ የመጣው ተማሪ የተቀበለው መፈክሩን እንጂ መፈክሩ የበሰለበትን ሙግት አልነበረምና።

ሙግቱ ደግሞ ነበር። ከ1951 ዓ.ም. ጀምሮ በንጉሠ ነገሥቱ የነፃ ትምህርት ዕድል ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የመጡ ተማሪዎች፣ ከቅኝ ገዥዎች ጋር ሲታገሉ የለመዱትን የማኅበርና የስብሰባ ልምድ ይዘው ገቡ። የአበሻው ተማሪ ዝምታም ገረማቸው። ይሁንና ኢትዮጵያዊው ተማሪ ሙግትን ከእንግዳ ብቻ ተማረ ማለት ስሕተት ነው። «በላ ልበልሃ» እየተባለ ዳኛ ፊት የሚሟገት ሕዝብ ልጅ ነው፤ ከተማሪዎቹም የቅኔ ቤትን ደጅ የረገጡ ነበሩ። ያልነበረው ንጉሡ በሚሰሙበት ስለ ንጉሡ አገር የሚናገርበት መድረክ ነው።

ያ መድረክ በግጥም ተከፈተ። በየዓመቱ በሚከበረው የኮሌጅ ቀን፣ በውድድር ያሸነፉ ግጥሞች በንጉሠ ነገሥቱና በመኳንንቱ ፊት ይነበቡ ነበር። ተማሪዎች የታኅሣሥ 1953ቱን መፈንቅለ መንግሥት ደግፈው ሰልፍ ከወጡና ይቅርታ ጠይቀው ምሕረት ካገኙ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ታምሩ ፈይሳ የተባለ ተማሪ «ደሃው ይናገራል»ን አነበበ። ይህን ዝርዝር ከሌላው ሁሉ አስበልጬ የምመለከተው በቋንቋው ምክንያት ነው። የተማሪው ጋዜጣና የጉባኤው ክርክር በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ሲካሄድ፣ ግጥሙ በአማርኛ ነበር። ስለዚህ ከግቢው ውጭ ያለው ሰው ሰማው፤ ቤተ መንግሥቱም የደነገጠው በዚህ ይመስለኛል። የቀጣዩ ዓመት ግጥሞች ይበልጥ ሲበረቱ ቅጣት መጣ፤ ብዙም ሳይቆይ የአዳሪነቱ ሥርዓት ቀረ። ተማሪው ሌሊቱን የሚወያይበት የጋራ መኝታ ተበተነ።

መዘጋት የበዛበትን ያህል አንድ በር ተከፈተ። በ1956 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ማለትም የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ የትምህርት ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግሉ ደነገገ። ቅሬታ ነበር፤ አንድ ዓመት ከዕድሜ ላይ መቀነስ ማንንም አያስደስትም። ግን ሄዱ። አብዛኞቹ በየአውራጃው ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ ጭሰኛ ምርቱን ሲያካፍል በዓይናቸው አዩ። በየካቲት 1957 «መሬት ላራሹ» ብለው ፓርላማው ፊት ሲሰለፉ የመሬት ኪራይ ሕግ ረቂቅ በምክር ቤቱ ቀርቦ ነበር። እዚህ ላይ መቆም ያስፈልጋል፤ ሰልፉ ለአንድ የታወቀ ረቂቅ፣ ለአንድ የታወቀ ምክር ቤት የቀረበ አቤቱታ ነበር። በ1958 ለማኞች ስለታጎሩበት የሾላ ሰፈር የተነሣው ተቃውሞም እንዲሁ መልስ ሊሰጠው የሚችል ጥያቄ ነበር። የተሰጠው ምላሽ ግን በ1959 የወጣው ሰልፍን በፈቃድ የሚያጥር አዋጅ ሆነ።

ከዚህ በኋላ የንግግሩ ጠባይ ተለወጠ። ጥፋቱን በመንግሥት ላይ ብቻ መጫን ግን ለታሪክ አይታመንም። በመጋቢት 1960 በራስ መኮንን አዳራሽ በተዘጋጀ የፋሽን ትርኢት ላይ የተቃወሙት ተማሪዎች ለማየት የመጡትን በእንቁላል ወግረዋል፤ አጎሳቁለዋልም። ተቃውሞው የባህል ወረራን ይመለከት ነበር፤ የተደበደበው ግን ጓደኛ ተማሪ ነው። ሐሳብን በሐሳብ መመከት ለሚያስተምር ግቢ ይህ ትልቅ ውድቀት ነው፤ ስናወራው ልናፍርበት ይገባል።

የዚያኑ ዘመን ሌላ ገጽታ ደግሞ የተማሪዎቹ ምርጫ ያሳያል። በ1961 ለተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንትነት የተወዳደረው ጥላሁን ግዛው በመኮንን ቢሻው ተሸነፈ። ሽንፈቱን ተቀብሎ በማግሥቱ ዓመት እንደገና ተወዳደረና አሸነፈ። ንጉሠ ነገሥት በሚገዛበት አገር፣ ሥልጣን በድምፅ ብልጫ የሚያልፍበት ቦታ የተማሪዎች ማኅበር ነበር። በዚያው ዓመት፣ በኅዳር 1962፣ ተማሪው ዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው ጽሑፍ «ስትራግል» በተባለው የማኅበሩ መጽሔት ወጣ። አጭር ነው፤ ብዙ ነገር ያስቆጣል፤ መልስም ይጠይቃል። ነገር ግን የሚገባውን ያህል በግቢው ውስጥ ሳይፈተን ጥይት ቀደመ። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ጥላሁን ተገደለ፤ በማግሥቱ አስከሬኑን ሊነጥቅ ክቡር ዘበኛ ግቢውን ሲወር ሌሎች ተማሪዎችም ሞቱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተለሳልሶ የሚናገር ሰው እንደ ከሃዲ ታየ። የንቅናቄው ትልቁ ኪሳራ ይህ ነው ባይ ነኝ፤ ቀጥሎ በመጡት ዓመታት በአንድ ጠረጴዛ ይከራከሩ የነበሩ ሰዎች በጠመንጃ ተፋጠዋልና።

በ1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ያወረደው ደርግ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ከዩኒቨርሲቲውና ከሁለተኛ ደረጃ ከፍተኛ ክፍሎች 60,000 ያህል ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ሲልክ፣ የቀደመው አገልግሎት በሌላ መልክ ተመለሰ። የካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ዘማቾቹ ገበሬው ዘንድ ነበሩ። ልዩነቱ በራስ ፈቃድ መናገር መቅረቱ ነው፤ ዘማቹ እንዲያስረዳ እንጂ እንዲጠይቅ አልተላከም።

ደርግ ከወደቀ በኋላም ነገሩ አልቀለለም። በሚያዝያ 1985 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ 42 መምህራን ተባረሩ። በሚያዝያ 1993 ተማሪዎች ያነሡት ጥያቄ ደግሞ ከ1950ዎቹ ጋር ሲነጻጸር ልክን የሚያሳይ ነው፦ የታጠቀ ፖሊስ ከግቢ ይውጣ፣ የተማሪዎች ማኅበርና ጋዜጣ በነፃነት ይሥሩ። ረብሻው ወደ ከተማው ሲዛመት በርካታ ሰዎች ተገደሉ። ቀደም ብሎ ለተማሪዎች ስለ አካዳሚ ነፃነትና ስለ ሰብዓዊ መብት ንግግር ያደረጉት ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምና ዶክተር ብርሃኑ ነጋም ታሰሩ። ከ1953 ግጥም እስከዚህ ድረስ 40 ዓመት አልፏል፤ የኮሜርስም ሆነ የስድስት ኪሎ ተማሪ ለመጠየቅ የተገደደው ግን አባቶቹ በአንድ ወቅት የነበራቸውን ማኅበርና ጋዜጣ ነው።