ነጋሪ ውሃ፦ ከጀልባ ሞተር የምትወጣው ቀጭን ፍሳሽ ምን ትላለች?

ከጀልባ ጀርባ የሚታሰር ሞተር ሲነሳ፣ ከውሃው ወለል በላይ ካለች ጠባብ ቀዳዳ ቀጭን ውሃ እየተወረወረች ወደ ሐይቁ ትመለሳለች። አብዛኛው ተሳፋሪ ልብ አይላትም፤ ልብ ያላትም ሞተሩ የሚያፈስ ይመስለዋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ባሕረኞች ይህችን ፍሳሽ «ቴልቴል» ይሏታል። ቃሉ በተራ ንግግር ወሬ የሚያወጣ፣ የሰው ምስጢር የሚያጋልጥ ማለት ነው። ሸራ ላይ ታስሮ የነፋሱን አካሄድ የሚያሳየውን ክርም በዚሁ ስም ይጠሩታል። ወደ አማርኛ ሲመለስ «አሳባቂ» ለቃሉ ይቀርብ ነበር። ይሁንና አሳባቂ ክፉ ስም ነው፤ ይህች ፍሳሽ ደግሞ የምትናገረው ለባለቤቷ ጥቅም ነው። ስለዚህ «ነጋሪ ውሃ» የሚለው ይሻላል። «ነጋሪው ቀጥኗል»፣ «ነጋሪው ቆሟል» ብሎ በአጭሩ ለመነጋገርም ይመቻል።

የነጋሪው ውሃ ወሬ ስለ ሞተሩ ማቀዝቀዣ ነው። መኪና ውሃውን በራዲያተር ይዞ እያዞረ ይጠቀምበታል። የጀልባ ሞተር ግን አብዛኛውን ጊዜ ራዲያተር የለውም፤ የሚቀዘቅዘው በተንሳፈፈበት ውሃ ነው። ኖርዌይ ተወልዶ አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ያደገው ኦሌ ኤቪንሩድ እ.ኤ.አ. በ1909 ከጀልባ ጀርባ የሚታሰር ሞተር ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ ከሐይቁ ወይም ከባሕሩ ውሃ ስቦ ማቀዝቀዝ ግን ዛሬም ዋናው ዘዴ ነው።

ውሃው የሚገባው በሞተሩ እግር በኩል፣ ከፕሮፔለሩ አካባቢ ወንፊት ከተገጠመለት መሳቢያ ነው። ከካምቢዮው ሳጥን በላይ ትንሽ የውሃ ፖምፓ አለች። በውስጧ ኢምፔለር የሚባል፣ የጎማ ክንፎች ያሉት ክብ ዕቃ ተቀምጧል። ይህ ዕቃ ከሞተሩ ዘንግ ጋር አብሮ እየዞረ ውሃውን በቀጭን ቱቦ ወደ ላይ፣ ወደ ሲሊንደሩና ወደ ቴስታታው ይገፋዋል። ሙቀት የተሸከመው ውሃ ተመልሶ ይወርድና በብዙ ሞተሮች ላይ ከጭሱ ጋር በፕሮፔለሩ መሐል ከውሃ በታች ይወጣል። ስለዚህ ዋናው ፍሳሽ ለዓይን አይታይም። ለዓይን እንዲታይ ተብሎ ወደ ጎን የሚለቀቀው ጥቂቱ ውሃ ነው ነጋሪው።

ከዚህ ሁሉ ዕቃ ቀድሞ የሚደክመው ኢምፔለሩ ነው። ክንፎቹ በጠባብ ቤት ውስጥ ታጥፈውና ግድግዳውን እየታከኩ ይዞራሉ፤ የሚያለሰልሳቸው ዘይት የለም፤ የሚያለሰልሳቸው ራሱ የሚገፉት ውሃ ነው። ሞተር መሬት ላይ «ድምፁን ለመስማት ያህል» ያለ ውሃ ሲነሳ፣ በጥቂት ሰከንዶች ጎማው መቃጠል ይጀምራል። ገዥ ፊት እንዲህ አድርጎ ማስነሳት መቅረት ያለበት ልማድ ነው። ሞተሩ መሬት ላይ መሞከር ካለበት እግሩ በርሜል ውሃ ውስጥ ይግባ፣ ወይም ከመሳቢያው ላይ የውሃ ጎማ ይገጠምለት።

ጣና ላይ ለሚሠራ ጀልባ ነገሩ ከሌላው ቦታ ይከብዳል። ሐይቁ ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ በጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ገባር ወንዞች በክረምት ብዙ ደለል ይዘው ይገባሉ። ጀልባ ወደ ጥልቀት የለሽ ዳርቻ ሲጠጋ ፕሮፔለሩ ጭቃውን ያነሳዋል፤ መሳቢያውም የተነሳውን አሸዋ ከውሃው ጋር ይስበዋል። አሸዋ የኢምፔለሩን ክንፍም የፖምፓውን ግድግዳም ይበላል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም መጥቷል፤ በተለይ በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ። ጸጉር የመሰለው ሥሩና ቅጠሉ ወንፊቱ ላይ ሲለጠፍ ፖምፓው የሚገፋው ውሃ ያጣል። ተንሳፋፊ የፕላስቲክ ከረጢትም ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳል።

ነጋሪውን ማንበብ ልምድ እንጂ ትምህርት ቤት አይጠይቅም። ሞተሩ እንደተነሳ ብዙም ሳይቆይ ውሃው መታየት አለበት፤ ሞተሩ ነዳጅ ሲሰጠውም የውሃው ኃይል ይጨምራል። ባለቤቱ ሞተሩ ጤነኛ በሆነበት ቀን ፍሳሹ ምን ያህል ርቆ እንደሚወድቅ አንድ ጊዜ ልብ ብሎ ማየት ይኖርበታል፤ የነገው ቅጥነት የሚለካው በዚያ ነው። እጅ ሲነካው ለብ ያለ ውሃ ደኅና ነው። የሚያቃጥል ከሆነ፣ ወይም በውሃ ፈንታ እንፋሎት ከወጣ፣ ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ። ውሃው እየተቆራረጠ የሚመጣ ከሆነ መሳቢያው በከፊል ተዘግቷል ወይም ሞተሩ ከፍ ብሎ ታስሮ አየር እየሳበ ነው።

ፍሳሹ ጨርሶ ሲጠፋ ግን ፖምፓው ሞቷል ብሎ መደምደም አይገባም። ቀዳዳዋ ራሷ ትዘጋለች። ሥራ ፈቶ በቆመ ሞተር ላይ ጭቃ የሚሠሩ ተርቦች ቤታቸውን ውስጧ ይለጥፋሉ፤ የጨው ቅሪትና አሸዋም ይደፍናታል። ሞተሩ ጠፍቶ ቀጭን ሽቦ በቀስታ ሲገባባት ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚያው ያልቃል። ብዙ ባለቤቶች ለዚች ቀዳዳ ሲሉ ሙሉ ፖምፓ ያስፈታሉ፤ ሽቦው መቅደም አለበት።

የነጋሪው ወሬ ወሰን አለው፤ ይህንንም ማወቅ ያስፈልጋል። ነጋሪው የሚናገረው ፖምፓው ውሃ መግፋቱን ነው፤ ሞተሩ መቀዝቀዙን አይደለም። በብዙ ሞተሮች የነጋሪው ውሃ ወደ ውጭ የሚለቀቀው የሙቀት መቆጣጠሪያ በሆነው ቴርሞስታት ሳያልፍ ነው። ስለዚህ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቢቀር፣ ወይም በሲሊንደሩ ዙሪያ ያለው የውሃ መንገድ በዝገትና በጨው ቢደፈን፣ ነጋሪው እያማረ ሲወረወር ሞተሩ ውስጥ ውስጡን ሊግል ይችላል። አዳዲስ ሞተሮች ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ይጮኻሉ፤ አንዳንዶቹም ፍጥነታቸውን ራሳቸው ይቀንሳሉ። ብዙ አነስተኛና አሮጌ ሞተሮች ግን ይህ ማስጠንቀቂያ የላቸውም። ለነዚህ ነጋሪው ውሃ ሁሉን ባይናገርም ብቸኛው ምልክት ስለሆነ፣ በጣት እየነኩ ሙቀቱን ማወቅ የግድ ነው።

ከባሕር ዳር ወደ ደቅ ደሴት በሚወስደው መንገድ መሐል ላይ ነጋሪው ቢቆም፣ «ትንሽ ነው የቀረን» ብሎ መቀጠል ትልቁ ስህተት ነው። ማርሹ ይውጣ፣ ሞተሩ ይጥፋ፣ እግሩ ከውሃ ይነሳ። እምቦጭ ወይም ፕላስቲክ ካለ ወንፊቱ ይጠረግ፤ ሞተሩ በረድ ካለ በኋላ እንደገና ይነሳና ነጋሪው ይታይ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት አይገባም፤ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። በግለት የተነዳ ሞተር መጀመሪያ የቴስታታውን ጋስኬት ይጎዳል፤ ቀጥሎ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። ያን ጊዜ ጉዳዩ የብር ብቻ አይሆንም፤ ጀልባው ተሳፋሪ ይዞ በነፋስ ይነዳል። መልህቅ፣ መቅዘፊያና ለሁሉም የሚበቃ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ጀልባው ላይ መኖር ያለበት ለዚህ ነው።

የአምራቾች የጥገና መጽሐፍ ሞተሩ መቼ እንደሚፈተሽ ሲናገር ብዙ ጊዜ «በየ100 ሰዓቱ ወይም በዓመት አንድ ጊዜ» ይላል። ይህ አባባል ለመዝናኛ ጀልባ የታሰበ ነው። በቀን 5 ሰዓት የሚሠራ የተሳፋሪ ጀልባ 100 ሰዓቱን የሚሞላው በ20 ቀን ነው። ስለዚህ የሥራ ጀልባ ባለቤት የሚቆጥረው ሰዓት እንጂ ወር አይደለም፤ የሰዓት ቆጣሪ ከሌለው ደብተር ይበቃዋል።

ኢምፔለር መቀየር ጥቂት ብሎኖች ፈትቶ እግሩን ከማውረድ የሚጀምር ሥራ ነው። የወጣው ኢምፔለር ክንፎቹ ወደ አንድ ጎን ታጥፈው ከቀሩ፣ ከሥራቸው ከተሰነጠቁ ወይም ጫፋቸው ካበራ ጊዜው አልፏል። አንድ ክንፍ ተቆርጦ ከጎደለ ደግሞ አዲሱን መግጠም ብቻ አይበቃም። የጎደለው ቁራጭ ካልተገኘ ወደ ላይ ተጉዞ የውሃውን መንገድ ሊዘጋ ይችላልና፣ መካኒኩ ቱቦውን ሳይፈትሽ እግሩን መልሶ እንዳይገጥም ባለቤቱ አጠገቡ ይቁም። በዚያው ቀን የካምቢዮው ዘይትም ቢታይ ይጠቅማል፤ ወተት መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቷል፣ ማሸጊያ ጎማው መቀየር አለበት።

የመለዋወጫው መጠን ከሞተር ሞተር ስለሚለያይ ባለቤቱ የሞተሩን ሞዴልና መለያ ቁጥር ጽፎ ይያዝ፤ አንድ ትርፍ ኢምፔለርም ቤቱ ይኑረው። ጀልባውን የሚነዳው ሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ ማታ ሒሳብ ሲተሳሰቡ ከገቢው ጋር አብሮ ይጠይቀው፦ «ነጋሪው ዛሬ እንዴት ዋለ?»