አምባሰልን ያዜመችውን ማን ጻፋት?

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሄደ ሰው ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ከከተማዋ ወረድ ብሎ ሐይቁ፣ ወደ ሐይቁ ገባ ባለው መሬት ላይ ደግሞ የእስጢፋኖስ ገዳም አለ። መንገዱ ወደ ወልዲያ ሲቀጥል አምባሰል ይመጣል፤ ውጫሌም፣ ግሸን ማርያምም ያሉት በዚሁ አገር ነው።

ይህ አካባቢ ከብዙ የኢትዮጵያ ክፍል ቀድሞ ብዕር የጨበጠ ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ በሐይቅ እስጢፋኖስ መጻሕፍት ሰብስበው፣ ደቀ መዛሙርት አስተምረዋል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ገዳም ነው። የአባ ኢየሱስ ሞአ ሕይወት በገድል ተጽፏል፤ ያስጻፉት ወንጌልም ሰባት መቶ ዓመት አልፎት ተርፏል።

መኳንንቱም ተጽፈዋል። አምባሰልን ይገዙ የነበሩት ባላባቶች «ጃንጥራር» የሚባል የራሳቸው ማዕረግ ነበራቸው። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ባለቤት እቴጌ መነን የጃንጥራር አስፋው ልጅ ናቸው። የእቴጌይቱ ትውልድ፣ ትዳር፣ ልጆች፣ ያሠሩት ትምህርት ቤት ሁሉ በመጽሐፍ ይገኛል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል ደግሞ አንቀጽ በአንቀጽ፣ ቃል በቃል ተመርምሯል። 17ኛው አንቀጽ በአማርኛና በጣሊያንኛ የተለያየ ትርጉም ስለያዘ አገር ለአገር ጦር አማዟል።

የወሎ ሼሆችም ጽፈዋል። መንዙማቸውን በአማርኛ ቋንቋ፣ በዓረብኛ ፊደል እየከተቡ ለደረሳዎቻቸው አውርሰዋል።

መነኩሴው ተጽፏል፤ ሼሁ ተጽፏል፤ ጃንጥራሩ ተጽፏል። የአምባሰልን ስም ከሁሉም በላይ ርቆ እንዲሰማ ያደረገችው ግን አልተጻፈችም። ያቺ ዘፋኟ ናት።

በኢትዮጵያ ሙዚቃ አራት ዋና ዋና ቅኝቶች ይታወቃሉ፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል እና አንቺ ሆዬ። ከአራቱ ሁለቱ የቦታ ስም ናቸው፤ ሁለቱም ቦታዎች የወሎ ናቸው። ባቲ በሰኞ ገበያዋ የታወቀች፣ ከደጋው ወደ አፋር ቆላ መውረጃ ላይ ያለች ከተማ ናት። አምባሰል ደግሞ ከላይ የተነሳው ተራራማ አገር ነው። እያንዳንዱ ቅኝት በአምስት ድምፅ የተሠራ ሲሆን አንዱን ከሌላው የሚለየው በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። አምባሰል ከመነሻው ድምፅ ወደ ሁለተኛው ሲሄድ ግማሽ ድምፅ ብቻ ይራመዳል፤ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ግን ረጅም ዝላይ ይዘላል። አምባሰል ሲሰማ ሆድ የሚያባባው፣ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ እንደ መጣራት ያለው ስሜት ከዚያ ይመጣል።

ዛሬ ይህን ቅኝት አዲስ አበባ ያለ የሙዚቃ ተማሪ በፒያኖ ይማረዋል። ፓሪስና ኒውዮርክ ያሉ የጃዝ ተጫዋቾችም ይጫወቱታል። ዜማው ተጠንቷል፣ በኖታ ሰፍሯል፣ በሸክላና በካሴት ተቀድቷል። እናቷ ስታንጎራጉር ሰምታ፣ ሠርግ ቤት አውጥታው፣ አዝማሪ ከማሲንቆው ጋር ሲያስማማላት አሳምራ ለሌላ ያቀበለችው ሴትስ? ስሟ ማን ነበር? በስንት ዓመቷ ጀመረች? ማንን አገባች? ቤተሰቧ ዘፋኝ መሆኗን ሲሰማ ምን አለ? መልስ የለም። በብዙ ካሴት ላይ ዜማው የማን እንደሆነ ሲገለጽ የሚነበበው «የሕዝብ» የሚል አንድ ቃል ነው። ቃሉ ሐሰት አይደለም፤ ግን ብዙ ሰው ውጦ ዝም ይላል።

ዝምታው ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ወደ 1977 ዓ.ም. መመለስ ይበቃል። በዚያ ዓመት ወሎ ተራበ። በጥቅምት ወር ማይክል በርክ የተባለ የቢቢሲ ጋዜጠኛ ያኔ በወሎ ሥር ከነበረችው ኮረም ያቀረበው ዘገባ ዓለምን አስደነገጠ። ባቲም ትልቅ የተረጂዎች መጠለያ ሆነች። የእንግሊዝ ዘፋኞች ተሰባስበው ሸክላ አወጡ፤ አሜሪካኖቹ ተከተሉ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ «ላይቭ ኤይድ» የተባለው ታላቅ ዝግጅት ተካሄደ። በዚያው ዕለት አውስትራሊያም በሲድኒ የራሷን ኮንሰርት አዘጋጅታ ዘፋኞቿን ለረሃብተኛው አሰለፈች።

የዓለም ፖፕ ሙዚቃ አንድ ቀን ሙሉ ስለዚያ ረሃብ ዘፈነ። የዘፋኞቹ ስም፣ የለበሱት ልብስ፣ የዘፈኑበት ቅደም ተከተል ሳይቀር ዛሬም ይታወቃል። ባቲ ግን የመጠለያ ስም ብቻ ሳትሆን የቅኝት ስም መሆኗን ስንቱ አውቆ ይሆን? በዚያ መጠለያ ከተኮለኮለው ሕዝብ መካከል ስንት አንጎራጓሪ፣ ስንት የማሲንቆ ሰው አብሮ እንዳለቀ የቆጠረ የለም። ስለ ወሎ የዘፈኑት ተመዘገቡ፤ የወሎ ዘፋኞች አልተመዘገቡም።

የአንድ ዘፋኝ ሕይወት መመዝገቡ ምን ይጠቅማል የሚል ይኖራል። ከዚያችው ከአውስትራሊያ አንድ ምሳሌ እንይ።

ካይሊ ሚኖግ እ.ኤ.አ. በ1968 በሜልቦርን ተወለደች። የሲድኒው ኮንሰርት በተካሄደ በዓመቱ፣ በ1986፣ «ኔበርስ» በተባለ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ መካኒክ የሆነች ልጃገረድ ሆና መጫወት ጀመረች። በ1987 የመጀመሪያ ዘፈኗን አወጣች፤ ዘፈኑ በአገሯ ሰባት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ገና 20 ዓመት ሳይሞላት የእንግሊዝንም ገበያ ያዘች። ከዚያ በኋላ ማንን እንደወደደች፣ ከማን እንደተለያየች፣ ምን እንደለበሰች ጋዜጣው ሁሉ ሲያራግበው ኖረ። ብዙው ሐሜት ነበር።

በግንቦት 2005 ግን ካይሊ በ36 ዓመቷ የጡት ካንሰር እንደተገኘባት በይፋ ተነገረ። የጀመረችውን ጉዞ አቋርጣ ሕክምና ገባች። አውስትራሊያውያን ተመራማሪዎች በኋላ ሲያጠኑት፣ ዜናው በተሰማባቸው ሁለት ሳምንታት ለጡት ምርመራ ቀጠሮ የያዙ ሴቶች ቁጥር በ40 በመቶ ጨምሮ አገኙት። ተመርምረው የማያውቁ ሴቶች ሳይቀሩ ተነሡ። ልብ በሉ፤ ሐኪም ለዓመታት ቢመክር ያላደረገውን የአንዲት ዘፋኝ እውነተኛ ታሪክ በሁለት ሳምንት አደረገው። ሐሜትና ታሪክ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ሐሜት የሰውየዋን ክብር ይቀንሳል፤ ታሪክ ግን ከሕይወቷ ለሌላው የሚሆን ነገር ያወጣል።

በኢትዮጵያ የዘፋኝ ሕይወት ሲወራ የኖረው በአብዛኛው በመጀመሪያው መንገድ ነው። አዝማሪው ሠርጉን ያደምቃል፣ ጌታውን ያወድሳል፣ ሲወጣ ግን «አዝማሪ» የሚለው ቃል ስድብ ሆኖ ይከተለዋል። ለሴት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ክራር ይዛ የተቀመጠችን ሴት ሰው በማታ ያጨበጭብላታል፣ በቀን ግን ጎረቤት እንድትሆነው አይፈልግም። በዚህ ምክንያት ብዙዎቹ ስለራሳቸው አልተናገሩም፤ ቤተሰቦቻቸውም ደበቁ። ጸሐፊው ደግሞ ይህን ታሪክ ብሎ አልቆጠረውም።

ከዚህ ዝምታ ካመለጡት ጥቂቶች አንዷ አስናቀች ወርቁ ናት። በመድረክ የሴት ገጸ ባሕርይን ወንዶች ይጫወቱ በነበረበት ዘመን፣ በ1940ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ፣ ደፍራ ተዋናይት ሆነች። በክራሯም ትዝታንና ሌሎች የአገር ቤት ዜማዎችን በራሷ መንገድ ተጫወተች። እንዲህም ሆኖ ሥራዎቿ «ኢትዮፒክስ» በተባለው የፈረንሳይ የሙዚቃ ስብስብ 16ኛ ቅጽ ሆነው የወጡት እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ በዚያን ጊዜ መድረክ ላይ ከወጣች ግማሽ ምዕተ ዓመት ሆኗታል። በመስከረም 2004 ዓ.ም. አረፈች። ሕይወቷን የሚተርከው «አስኒ» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም፣ በራሔል ሳሙኤል አዘጋጅነት፣ ለሕዝብ የደረሰው ከሞተች በኋላ ነው። ደግነቱ ሳትሞት ድምፅዋና ምስሏ ተቀርጾ ነበር። ባይቀረጽ ኖሮ ፊልሙም አይኖርም።

የአምባሰልን ነገር ካነሱ ደግሞ ከማሪቱ ለገሰ ማምለጥ አይቻልም። ማሪቱ የወሎ ልጅ ናት። ክፍለ ሀገራት ሁሉ የኪነት ቡድን ባቋቋሙበት በደርግ ዘመን ከወሎው ላሊበላ የኪነት ቡድን ጋር ሠርታለች። አምባሰልን፣ ባቲንና ትዝታን በእሷ ድምፅ የሰማ ሰው በሌላ ድምፅ ሲሰማ እሷን ያስባል። ብዙ ሰው አምባሰል ቅኝት መሆኑን እንኳ ሳያውቅ የማሪቱ ዘፈን አድርጎ ያውቀዋል። ከዚያ ወደ አሜሪካ ሄደች፤ ከሁለት አስርት ዓመታት በላይም በስደት ኖረች። ስትመለስ አገር በደስታ ተቀበላት።

አቀባበሉ ጥሩ ነው፤ ሽልማቱም ይገባታል። ነገር ግን አበባ ማበርከት ታሪክ መጻፍ አይደለም። የኪነት ቡድኖቹ እንዴት ይመለምሉ ነበር? ከገጠር የመጣች ልጅ መድረክ ላይ ስትወጣ ማን አስተማራት? ደመወዙ ስንት ነበር? ከሥራው ስንቱ የራሷ ምርጫ፣ ስንቱ የካድሬው ትእዛዝ ነበር? የካሴቱ ዘመን ሲመጣ ነጋዴው ምን ከፈላት? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ድምፃቸውን አንድ ጊዜ ሸጠው የተለያዩ ስንት ናቸው? እነዚህ ጥያቄዎች ሐሜት አይደሉም። የአንድ ክፍለ ሀገር የግማሽ ምዕተ ዓመት ታሪክ ናቸው፤ ረሃቡ፣ አብዮቱ፣ ስደቱ፣ ገበያው ሁሉ በአንዲት ዘፋኝ ሕይወት ውስጥ አልፏል።

አሁን ነገሩ ተገልብጧል የሚል አለ። ዛሬ ከሐይቅም ሆነ ከውጫሌ የተነሣች ወጣት በስልኳ ዘፍና በአንድ ሌሊት ልትታወቅ ትችላለች። ዩቲዩቡ ስለ ፍቅረኛዋ፣ ስለ ቤቷ፣ ስለ ጸቧ በየቀኑ ያወራል። ሐሜቱ በረከተ እንጂ ታሪኩ አልተጨመረም። ዜማውን ከማን እንደተማረችው የሚጠይቃት የለም። እሷም ከእሷ በፊት ስለነበሩት አታውቅም፤ አታውቅም ተብላ አትወቀስም፤ የምታነብበት መጽሐፍ የለማ!

መፍትሔው ከአቅም በላይ አይደለም። የያኔዎቹ የኪነት ቡድን አባላት ሁሉ አላለቁም፤ አንዳንዶቹ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያ፣ አዲስ አበባ፣ ሌሎቹም ባሕር ማዶ ይኖራሉ። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ወሎ ዩኒቨርሲቲ አለ። የቋንቋና የታሪክ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ አጣሁ ብሎ ይጨነቃል። አንድ ተማሪ አንዲት አንጋፋ ዘፋኝ ዘንድ ሄዶ፣ በአክብሮት ቁጭ ብሎ፣ ፈቃዷን ጠይቆ ድምፅዋን ቢቀርጽ በአምስት ዓመት ውስጥ ምን ያህል መዝገብ ይገኝ ነበር! ልትናገር የማትወደውን አለመጠየቅ ደግሞ የሥራው ሕግ ይሁን። የጓዳዋ ምሥጢር የራሷ ነው፤ የሙያዋ ታሪክ ግን የአገር ነው።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። የሐይቅ መነኮሳት ይህን ከሰባት መቶ ዓመት በፊት አውቀውት ጻፉ። ከገዳሙ ማዶ በአምባሰል ተራራ ሥር ያዜሙት ሴቶች ግን የነበራቸው ቃል ብቻ ነው። ከእነሱ የመጨረሻዎቹ ዛሬ ሸምግለዋል፤ የሚጠይቃቸው ካለ ገና ይመልሳሉ።