ማንን ቀድሞ ይጠይቅ?

ራቤል ላይ አንድ ሰው አንድ ስም ብቻ የለውም። እናቱ የምትጠራው አለ፤ ቀበሌ ከአባቱና ከአያቱ ጋር የመዘገበው አለ፤ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በክርስትና ስሙ እንጂ በሌላ አታውቀውም። ማን የት እንደሚጠየቅ ሁሉም ስለሚያውቅ መዝገቦቹ ተስማምተው ይኖራሉ። ጭንቁ የሚመጣው ለፍትሐት የቆሙት ቄስ «ስመ ክርስትናው ማነው?» ሲሉና ቤተ ዘመድ እርስ በርሱ ሲተያይ ነው።

ስለ ኮምፒዩተር ልናወራ ተነስተን ግሼ ምን አወጣን? ታገሱን፣ ነገሩ ያው ነው።

ኮምፒዩተሮች የሚፈላለጉት በቁጥር ነው፤ ስም የተለጠፈው ለእኛ ለሰዎቹ ሲባል ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ አርፓኔት በተባለው መረብ ስምና ቁጥር የሰፈረበት ዋና መዝገብ አንድ ነበር። ካሊፎርኒያ፣ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም፣ ኤልዛቤት ፋይንለር የሚመሩት ቢሮ ይጠብቀዋል፤ አዲስ ማሽን የተከለ ለቢሮው ይጽፋል፤ ሌላው ቅጂ ይወስዳል። ትናንት የወሰደና ካቻምና የወሰደ ግን እንዴት ይግባቡ! ማሽኑ ሲበዛ በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ ዲኤንኤስን ነደፉ፦ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ስሞች ራሱ ይጠብቅ፣ የሌላውን የፈለገ ባለቤቱን ይጠይቅ።

ሳን የተባለው ኩባንያም በ1980ዎቹ ለአንድ ግቢ ማሽኖች የሚሆን «የሎው ፔጅስ» የሚባል የጋራ መዝገብ አወጣ። ስሙ እንግሊዝ አገር የብሪቲሽ ቴሌኮም የንግድ ምልክት ሆኖ ተገኘና ኤንአይኤስ ተባለ። ስም ጠባቂው ስሙን ተነጠቀ ማለት ነው! ትእዛዞቹ ግን እንደ ድሮው በ«ዋይፒ» መጀመራቸውን አልተዉም።

ጉዱ የፈላው ከዚህ ወዲያ ነው። አንዱ ማሽን ባለ ሦስት መዝገብ ሆነ፦ የራሱ የሆስትስ ፋይል፣ ኤንአይኤስ፣ ዲኤንኤስ። ማንን ቀድሞ ይጠይቅ? ሶላሪስ 2 ተራውን በአንዲት ትንሽ ፋይል ላይ አሰፈረው፤ ሊኑክስም ወረሰው። መስመሯ አጭር ናት፦ መጀመሪያ ፋይል፣ ከዚያ ዲኤንኤስ። ግን ተራው በሁለት ማሽን ላይ ከተለያየ፣ ወይም ፋይሉ ካረጀ፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ማሽኖች ስለ አንድ ስም ሁለት ነገር ይናገራሉ።

በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ ወረዳ ኔት ተዘርግቶ ከ500 በላይ ወረዳዎችን፣ ብዙዎቹን በሳተላይት፣ ማገናኘት ሲጀምር የስም ነገር ለደጋውም ቢሮ መጣለት። እኛም ስሟን በማንጠራት አንዲት ቢሮ ቀመስነው። ሰርቨሩ እዚያው ግቢ ነው፤ ዲኤንኤሱ ግን በመስመር ማዶ፣ ሩቅ ከተማ። የሰርቨሩ ቁጥር ተቀይሮ ነበር። አምስት ማሽኖች አገኙት፤ ስድስተኛዋ እምቢ አለች። ኤንኤስ ሉክአፕ አዲሱን ቁጥር ይነግረናል፣ ፒንግ የድሮውን። ገመድ ስንነቅል ስንሰካ ረፈደ። ኤንኤስ ሉክአፕ ሰተት ብሎ ዲኤንኤስን እንደሚጠይቅ፣ ፒንግ ግን የማሽኗን ተራ እንደሚከተል የገባን ከምሳ በኋላ ነው። ለካስ አንድ ደግ ሰው ቁጥሩን በሆስትስ ፋይል ውስጥ በእጁ ጽፎት ኖሯል።

መስመሯን ሰረዝናት፤ ሠራ። እየተኩራራን ዕቃችንን ስንሰበስብ ጸሐፊዋ፣ «እሱ የጻፈልን እኮ ክረምት በገባ ቁጥር ሳተላይቱ እየጠፋ ሥራ ቆሞብን ነው፤ አሁን ሲጠፋስ?» አለችን።

ሰኔ ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ተመልሰን ተቀመጥንና አዲሱን ቁጥር በስድስቱም ማሽኖች ፋይል ላይ ጻፍን።