ለመንገደኛ የሚሆን መጽሐፍ

አዲስ አበባ ውስጥ በየእግረኛ መንገዱ ከሚዘረጉት መጻሕፍት መካከል አረብኛን በአማርኛ ፊደል የምታስተምር ቀጭን መጽሐፍ አትጠፋም። ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የሚሄዱ እህቶቻችን ይገዟታል። ደግ ነው፤ ቋንቋ ስንቅ ነው። ነገር ግን “ልጁን አስተኚው” ከሚለው ጋር “ደመወዜ ይከፈለኝ”፣ “ፓስፖርቴን መልሱልኝ” የሚለውም አለባት ወይ? ከመግዛት በፊት ገልጦ ማየት ነው።

ለመሆኑ ሰው አገር ሄዶ ለሚኖር ሰው የሚበጀው መጽሐፍ ምን ዓይነት ነው? ይህን ለመመለስ እስቲ ታሪክ ይዘን ወደ አሶሳ እንውረድ። መጪና ሄጂ የሚተላለፍበት አገር ነውና።

አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ድንበር ላይ ካለችው ኩርሙክ ግን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ድንበሩም ቢሆን ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል የተወሰነ ነው። ከዚያ በፊት የበርታ ሰው ለገበያም ለዘመድ ጥየቃም ወዲያ ሲሻገር “ውጭ አገር ሄደ” የሚለው አልነበረም።

ከሩቅ የመጡት ግን ሲመለሱ ጻፉ። ፈረንሳዊው ካዮ እ.ኤ.አ. በ1821 ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ከወጣው የግብጽ ጦር ጋር ተጉዞ እስከ ቤኒሻንጉል ዘለቀ፤ ያየውንም አገሩ ገብቶ በበርካታ ጥራዝ አሳተመ። ሆላንዳዊው ሹቨር በ1880ዎቹ መጀመሪያ እዚያው ተዘዋወረ፤ ማስታወሻውም እ.ኤ.አ. በ1996 በመጽሐፍ ወጣ። ያ ጦር እየነዳ የወሰዳቸው የአገሬው ሰዎችስ? እነሱም እኮ ሰው አገር ሊኖሩ ነው የሄዱት። ለእነሱ መንገዱን የጻፈላቸው የለም።

የእኛም ጸሐፊዎች ቢሆኑ መንገደኛን አልረሱም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ በፈረንሳይኛና በአማርኛ የመንገደኛ መምሪያ አሳተመ። ወደ አቢሲኒያ የሚመጣ አውሮፓዊ ከአገሬው ጋር እንዲነጋገርበት ነው። ጭውውቱ ታዲያ በሰላምታ አያበቃም፤ ወታደሩ ገበሬውን እንዴት እንደሚያስጨንቅም ያወጋል። ቁም ነገሩ ይሄ ነው! የአገሩን ቃል ብቻ ሳይሆን የአገሩን አገዛዝ ጭምር ያሳያል። ችግሩ ግን የተጻፈው ለሚመጣው እንጂ ለሚሄደው አልነበረም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ደግሞ ጃፓን ደርሰው ሲመለሱ በ1924 ዓ.ም. “ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን”ን ጻፉ። ትልቅ መጽሐፍ ነው፤ ግን የመንግሥት እንግዳ ያየው እንጂ እንጀራ ፍለጋ የሄደ ሰው የሚመራበት አይደለም።

ሰው አገር የሚሆነው ባሕር ማዶ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ደርግ ብዙ የወሎ ገበሬዎችን አሶሳ አሰፈረ። ለዚያ ደገኛ ገበሬ አሶሳ ከባዕድ አገር በምን ታንሳለች? ሙቀቱ፣ ወባው፣ ከብት የሚፈጀው ገንዲ፣ የቀርቀሃው ጫካ፣ ጎረቤቱ የሚናገረው በርትኛና አረብኛ ሁሉ እንግዳ ነበር። ያስተማረው ጎረቤትና ገበያ ነው። ሳይማር የሞተም አለ።

አስቀድሞ ማስተማር አይቻልም እንዳይባል፣ ተችሎ ታይቷል። ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ የሱዳን ስደተኞች አሶሳ አጠገብ በሸርቆሌ መጠለያ ሲኖሩ ቆይተዋል። ከኢትዮጵያ መጠለያዎች ወደ አሜሪካ እንዲሄዱ ለተፈቀደላቸው ስደተኞች፣ ዓለም አቀፉ የስደት ድርጅት ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ሥራና ስለ ሕግ ከበረራ በፊት ትምህርት ይሰጥ ነበር። ታዲያ ለእኛዋ የቤት ሠራተኛ ምን ጠፋ?

ሕጉማ ተጽፏል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 923 የመግቢያ ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ኢንሹራንሱንም አሠሪው እንዲሸፍን ደንግጓል። ይህችን አንዲት አንቀጽ ያነበበች ልጅ፣ ደላላ “ለቪዛው ብር አምጪ” ሲላት በሬዋን ወይም የእናቷን ጥሪት ከመሸጧ በፊት ቆም ትላለች። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል፤ ለመጠየቅ ግን የሚጠየቀውን ማወቅ ያስፈልጋል።

መጽሐፉን ማን ይጻፈው? ካዮም፣ ኅሩይም የጻፉት ደርሰው ስለተመለሱ ነው። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ተመልሰዋል። የትኛው ውል እንደሚያታልል፣ የትኛው በር እንደሚቆለፍ፣ ማን እንደሚደርስ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ተቀምጦ የሚያዳምጣቸውና የሚጽፍላቸው እንጂ የሚያውቅ ሰው አልጠፋም።