«ሥራሽ ምንድን ነው?»፦ ሐኪም ቤት የምትረሳው ጥያቄ

እስኪ ሐዋሳ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ወረፋ ይዛችሁ እንደተቀመጣችሁ አስቡ። ከፊታችሁ ያለችው ወጣት ያስላታል። ሐኪሙ «ከጀመረሽ ስንት ጊዜ ሆነው? አክታ አለው? ሌሊት ያልብሻል?» ይላታል። ሁለት ሳምንት ካለፈው የአክታ ምርመራ ታዝዞላት ትሄዳለች። ጥያቄዎቹ ትክክል ናቸው፤ የሳንባ ነቀርሳ ባለበት አገር የግድ መጠየቅ አለባቸው። ግን አንዲት ጥያቄ ቀረች፦ «ሥራሽ ምንድን ነው?»

ይቺ ጥያቄ ባለቤት አላት። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ሞዴና ሲኖር፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ የሚጠርግ ሠራተኛ ቤቱ ይመጣል። ሰውየው በጥድፊያ ሲሠራ ያየው ራማዚኒ ምን እንደሚያስቸኩለው ይጠይቀዋል። መልሱ አስደነገጠው፦ እዚያ ውስጥ ከአራት ሰዓት በላይ የቆየ ሰው ዓይኑ ይጠፋል። ራማዚኒ ነገሩን በዋዛ አላለፈውም። ወደ ሌሎች ሙያተኞችም እየሄደ እያየና እየጠየቀ፣ እ.ኤ.አ. በ1700 ከ40 በላይ ሙያዎችን ከነበሽታቸው የሚዘረዝር መጽሐፍ አሳተመ። ከሂፖክራተስ ዘመን ጀምሮ ሐኪሞች በሽተኛን በሚጠይቋቸው ጥያቄዎች ላይ የሥራውን ጥያቄ የጨመረው እሱ ነው። ሐኪም ድሃ ቤት ሲገባ በርጩማም ብትሆን ሳይንቅ ተቀምጦ፣ ረጋ ብሎ እንዲጠይቅም ይመክራል።

ወደ እኛ አገር እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያን የወባ ወረርሽኝ መታት። በዓመቱ ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አሠልጥኖ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ጀመረ። በዚያን ጊዜ አስቸኳዩ ወባ፣ እናትና ሕፃን፣ ንጹሕ ውኃ ነበር። ፋብሪካ በጣት የሚቆጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 አልማ አታ ላይ የተሰበሰቡት አገሮች ጤና ሰዎች ወደሚኖሩበትና ወደሚሠሩበት ቦታ ይቅረብ አሉ። «የሚኖሩበት» የሚለውን በደንብ ያዝነው፤ በ1990ዎቹ (በእኛ አቆጣጠር) የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ቤት ለቤት አንኳኳ። «የሚሠሩበት» የሚለው ግን፣ እንደኔ ግምት፣ መንገድ ላይ ቀረ።

የቀረው ምን እንደሆነ በቁጥር ላሳያችሁ። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ ጥናት፣ የአገር ውስጥ ጥጥ ብቻ በሚፈትል አንድ የኢትዮጵያ ፋብሪካ 595 ለአቧራ የተጋለጡ ሠራተኞችን መረመረ። ጥጡ በሚፈታበትና በሚነፋበት ክፍል (ሠራተኞቹ ብሎው ሩም ይሉታል) ከመቶው 43ቱ ቢሲኖሲስ የሚባለው የሳንባ በሽታ ተገኘባቸው።

ቢሲኖሲስ ጠባዩ ይገርማል፤ ሰኞ ሰኞ ይብሳል። የጥጥ አቧራ ከባክቴሪያ የሚወጣ ኢንዶቶክሲን የሚባል ነገር ይሸከማል። ሳንባ ሳምንቱን ሙሉ ሲተነፍሰው በተወሰነ ደረጃ ይለምደዋል። እሑድ ያርፍና ልምዱን ያጣል፤ ሰኞ እንደ አዲስ ይመታል፣ ደረት ይጨመደዳል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ ሺሊንግ የበሽታውን ደረጃ ያወጣው በዚሁ ነው፦ አልፎ አልፎ ሰኞ፣ ዘወትር ሰኞ፣ ሰኞና ሌሎች ቀናት፣ በመጨረሻም የማይመለስ የሳንባ ጉዳት። ማሽን አላስፈለገውም፤ ቀኑን መጠየቅ በቂ ነበር። የሳንባ ነቀርሳ ግን ሰኞን ከሐሙስ አይለይም።

እኔ ምሕንድስና ነው የተማርኩት። ተማሪ ሳለሁ ለልምምድ የተላክሁበት መፍተያ ፋብሪካ ውስጥ አንድ ጎልማሳ «ሰኞ ትከብደኛለች» ሲለኝ፣ እሑድ ያመሸ መስሎኝ ስቄ ነበር። የዚያን ቀን የያዝኩት ማስታወሻ ስለ ማሽኑ ፍጥነት ብቻ ነው።

ሐዋሳ ይህንን ሁሉ በአንድ ከተማ ይዛለች። ነባሩ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ፣ ሠራተኞቹም በብዛት ወጣት ሴቶች ናቸው። በፓርኩ ዋናው ሥራ ስፌት ስለሆነ የሚጠበቀው ችግር ይለያል፦ አንገትና ወገብ፣ በመርፌ መወጋት፣ ሙቀት። ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚበልቱት ልጆችም አሉ፤ የእጃቸውን ቁስል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እነዚህ ሁሉ ሲታመሙ የሚሄዱት ወደ አንድ ዓይነት ጤና ጣቢያ ነው። እዚያ ያለው ሐኪም የሙያ ሕክምና ስፔሻሊስት እንዲሆን የሚጠብቅ የለም። በአጭር ሥልጠና ሊማር የሚችለው ግን አለ፦ እጅሽ ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራል? ዕረፍት ስትወጪ ይሻልሻል? አጠገብሽ ያሉትም እንዲሁ ያማቸዋል? ከተቻለም አንድ ቀን ሄዶ ሥራ ቦታውን በዓይኑ ማየት። የአቧራ መሳቢያውን ማስተካከል የኛ የመሐንዲሶቹ ፋንታ ነው፤ ማስክ ሁልጊዜ የመጨረሻው አማራጭ ነው።

ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ነገር ደግሞ ገንዘብም ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ተራ ሕመም ከሆነ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ምንም አይከፈልባቸውም። በሽታው ከሥራ የመጣ ከሆነ ግን ሦስት ወር ሙሉ፣ ሦስት ወር ቢያንስ 75 በመቶ፣ ቀሪዎቹ ስድስት ወራት ቢያንስ 50 በመቶ ይከፈላል፤ የሕክምናውን ወጪም አሠሪው ይችላል። አሠሪው በሽታውን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማሳወቅም አለበት። ካርዷ ላይ «ሳል» ብቻ ተጽፎ ከወጣች ግን የሚመዘገብም፣ የሚያሳውቅም የለም፤ ሰኞ ተመልሳ እዚያው ክፍል ትገባለች።