የውጭ ዜጎች የኮንዶሚኒየም ግዢና ሽያጭ በታይላንዷ ፓታያ ከተማ

በታይላንድ ሕግ የውጭ ዜጋ በመርህ ደረጃ መሬት በባለቤትነት ሊይዝ አይችልም። በኮንዶሚኒየም ሕንፃ ውስጥ የሚገኝን ቤት ግን በስሙ አስመዝግቦ መግዛት፣ ማከራየት፣ ማውረስና መሸጥ ተፈቅዶለታል። ይህ መብት በስፋት ጥቅም ላይ ከዋለባቸው የአገሪቱ ከተሞች አንዷ የባሕር ዳርቻ መዝናኛዋ ፓታያ ናት።

ፓታያ ከዋና ከተማዋ ባንኮክ በስተደቡብ ምሥራቅ በመንገድ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ በቾንቡሪ ክፍለ ሀገር ባንግ ላሙንግ ወረዳ ትገኛለች። እ.ኤ.አ. እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ድረስ አነስተኛ የአሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። በቬትናም ጦርነት ዘመን በታይላንድ የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች ማረፊያ ስታደርጋት የቱሪስት ከተማነቷ ተጀመረ። እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮም ልዩ አስተዳደር ያላት ከተማ ሆናለች።

ከሆቴሎቹ ጎን ለጎን በናክሉዋ፣ በፕራቱምናክ ኮረብታና በጆምቲየን የባሕር ዳርቻ የተገነቡት ረጃጅም የመኖሪያ ሕንፃዎች ከአውሮፓ፣ ከሩሲያ፣ ከቻይናና ከሌሎችም አገሮች የሚመጡ ገዢዎችን ይስባሉ። ቾንቡሪ ለውጭ ዜጎች በሚተላለፉ ኮንዶሚኒየሞች ብዛት ከባንኮክ ጋር ግንባር ቀደሙን ስፍራ ይዛለች።

የሕጉ አመጣጥ

የታይላንድ የኮንዶሚኒየም ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። አገሪቱ የምትጠቀምበት የቡድሃ ዘመን አቆጣጠር ከግሪጎሪያኑ በ543 ዓመት ስለሚቀድም፣ በሰነዶች ላይ ሕጉ የ2522 ዓ.ም. ተብሎ ይጠቀሳል። ከታይላንድ መሥሪያ ቤቶች የሚወጡ ውሎችንና ደረሰኞችን የሚመረምር ባለሙያ ይህንን ልዩነት ማስታወስ ይኖርበታል።

እ.ኤ.አ. በ1991 የተደረገው ማሻሻያ የውጭ ዜጎች በአንድ ሕንፃ ውስጥ እስከ 40 በመቶ ድርሻ እንዲይዙ ፈቀደ። በ1997 የእስያ የገንዘብ ቀውስ ከታይላንድ ተነሥቶ ሲስፋፋ ብዙ ሕንፃዎች ገዢ አጥተው ቀሩ። በመሆኑም በ1999 ጣሪያው ወደ 49 በመቶ ከፍ አለ። በተወሰኑ ሕንፃዎች ደግሞ የውጭ ዜጎች እስከ 100 በመቶ እንዲይዙ ለአምስት ዓመት ብቻ የሚጸና ፈቃድ ተሰጠ። ይህ ልዩ ፈቃድ በ2004 ያበቃ ሲሆን፣ የ49 በመቶው ጣሪያ ግን ጸንቶ ቀጥሏል።

ጣሪያው የሚሰላው በቤቶች ቁጥር ሳይሆን በስፋት ነው። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ያሉት የግል ቤቶች ጠቅላላ ስፋት 10 ሺህ ካሬ ሜትር ቢሆን፣ በውጭ ዜጎች ስም ሊመዘገብ የሚችለው 4 ሺህ 900 ካሬ ሜትር ብቻ ይሆናል። ቀሪው ለታይላንድ ዜጎች የተጠበቀ ነው። ድርሻው የሞላበት ሕንፃ ውስጥ አዲስ የውጭ ገዢ ሊገባ የሚችለው ቀደም ሲል በውጭ ዜጋ ስም የነበረን ቤት ሲገዛ ነው።

በዚህ ምክንያት በአንድ ሕንፃ ውስጥ ያሉ ተመሳሳይ ቤቶች ሁለት ዓይነት ዋጋ ሊኖራቸው ይችላል። ተፈላጊነት ባላቸው ሕንፃዎች በውጭ ዜጎች ድርሻ የተመዘገበው ቤት ከሌላው በላቀ ዋጋ ይሸጣል። ባለቤቱ ለታይላንድ ዜጋ በሸጠው ጊዜ ግን ያ ስፋት ከውጭ ዜጎች ድርሻ ይወጣና ለሌላ የውጭ ገዢ ክፍት ይሆናል።

የገንዘቡ ምንጭ ማረጋገጫ

በታይላንድ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ወይም በኢንቨስትመንት ሕግ ልዩ ፈቃድ ያላገኘ የውጭ ዜጋ ቤቱን በስሙ ለማስመዝገብ የግዢውን ገንዘብ ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ ማስገባቱን ማረጋገጥ ይጠበቅበታል። ከፍ ያለ ገንዘብ ሲገባ የታይላንዱ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ግብይት ቅጽ ሞልቶ ይሰጣል። አነስ ላለ ገንዘብ ደግሞ የባንኩ የማረጋገጫ ደብዳቤ ይቀርባል።

ብዙ ገዢዎች ችግር ላይ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ገንዘቡ በአገሩ ባንክ ወደ ባህት ተለውጦ ከተላከ፣ በታይላንድ ውስጥ ሲሠራበት ከቆየ ሒሳብ ከተከፈለ ወይም በሌላ ሰው ስም ከገባ የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ዝውውሩን ላይመዘግበው ይችላል። ገዢው ዋጋውን አሟልቶ ከፍሎም ቢሆን ባለቤት ሳይሆን ይቀራል። ስለሆነም ገንዘቡ በውጭ ምንዛሪነቱ እንዲላክ፣ የገዢው ስም በፓስፖርቱ ላይ ከሰፈረው ጋር አንድ እንዲሆንና የዝውውሩ ምክንያት ለኮንዶሚኒየም ግዢ መሆኑ በግልጽ እንዲጻፍ ይመከራል።

ይኸው ቅጽ በሽያጭ ጊዜም ያስፈልጋል። ሻጩ የሽያጩን ገንዘብ ከአገር ለማስወጣት ባንክ ዘንድ ሲቀርብ፣ ቀደም ሲል ገንዘቡን ማስገባቱን የሚያሳየውን ሰነድና የሽያጭ ውሉን ይጠየቃል። ከአሥር ዓመት በፊት የተሰጠ አንድ ገጽ ወረቀት መጥፋቱ የቤቱን ዋጋ በሙሉ የማንቀሳቀስ ሥራን ሊያጓትት ይችላል።

የግዢው ቅደም ተከተል

ግዢው ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ቀብድ በማስያዝና ውል በመፈራረም ነው። ከዚያ በፊት ገዢው ወይም ጠበቃው በመሬት ጽሕፈት ቤቱ ቀርቦ የባለቤትነት ሰነዱ በሻጩ ስም መሆኑን፣ ቤቱ በባንክ ዕዳ አለመያዙንና የፍርድ ቤት እግድ የሌለበት መሆኑን ያጣራል። ለውጭ ዜጎች የተመደበው ድርሻ አለመሙላቱን ደግሞ የሕንፃው ባለቤቶች ማኅበር አስተዳደር በጽሑፍ ያረጋግጣል።

ሌላው አስፈላጊ ሰነድ ከዕዳ ነጻ መሆንን የሚገልጽ ደብዳቤ ነው። ቤቱ ያልተከፈለ የጋራ አገልግሎት መዋጮ እንደሌለበት ማኅበሩ ካላረጋገጠ በስተቀር ዝውውሩ አይመዘገብም። መዋጮው በቤቱ ስፋት መጠን በካሬ ሜትር የሚታሰብ ሲሆን፣ ለጥበቃ፣ ለጽዳት፣ ለአሳንሰርና ለመዋኛ ገንዳ ወጪዎች ይውላል። መዋጮውን ያልከፈለ ባለቤት በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት እስከ 12 በመቶ፣ ከስድስት ወር በላይ ከቆየ ደግሞ እስከ 20 በመቶ ዓመታዊ ቅጣት ሊጣልበትና በጠቅላላ ጉባዔ ድምፅ የመስጠት መብቱን ሊያጣ ይችላል።

የባለቤትነት ዝውውሩ የሚፈጸመው ሁለቱ ወገኖች ወይም ወኪሎቻቸው በመሬት ጽሕፈት ቤት በአካል ቀርበው ነው። ክፍያው በአብዛኛው በባንክ በተረጋገጠ ቼክ በዚያው ዕለት ይፈጸማል፤ የአዲሱ ባለቤት ስምም በሰነዱ ጀርባ ይሰፍራል። ሰነዶቹ በታይ ቋንቋ የሚዘጋጁ በመሆናቸው ቋንቋውን የማያውቅ ገዢ አስተርጓሚ ያስፈልገዋል። በውክልና የሚፈጸም ከሆነ የጽሕፈት ቤቱ ልዩ የውክልና ቅጽ ይሞላል።

ግብርና ልዩ ልዩ ክፍያዎች

የዝውውር ክፍያው በመንግሥት ከተገመተው ዋጋ 2 በመቶ ነው። ሻጩ ቤቱን ከያዘ አምስት ዓመት ካልሞላው 3.3 በመቶ ልዩ የንግድ ግብር ይከፍላል። ይህም ከሽያጩና ከግምቱ ዋጋ ከፍተኛ በሆነው ላይ ይሰላል። አምስት ዓመት ከሞላው፣ ወይም ስሙ በቤቱ የነዋሪነት መዝገብ ላይ ቢያንስ አንድ ዓመት ከቆየ፣ በዚህ ፈንታ 0.5 በመቶ የቴምብር ቀረጥ ብቻ ይከፈላል። ከዚህ ሌላ በዝውውሩ ዕለት የሚቀነስ የገቢ ግብር አለ። ሻጩ ድርጅት ከሆነ መጠኑ 1 በመቶ ሲሆን፣ ግለሰብ ከሆነ እንደ ቤቱ ግምትና እንደያዘበት ዓመታት ብዛት ይለያያል።

ለምሳሌ የሽያጩም የግምቱም ዋጋ 3 ሚሊዮን ባህት የሆነ ቤት በሦስተኛው ዓመት ቢሸጥ፣ የዝውውር ክፍያው 60 ሺህ፣ ልዩ የንግድ ግብሩ 99 ሺህ፣ በድምሩ 159 ሺህ ባህት ይሆናል። ይኸው ቤት ከአምስት ዓመት በኋላ ቢሸጥ ግን ክፍያው ወደ 75 ሺህ ባህት ይወርዳል። በሁለቱም ሁኔታ የገቢ ግብሩ ተጨማሪ ነው። የትኛውን ክፍያ ማን እንደሚሸፍን አስቀድሞ በውሉ ካልተወሰነ በዝውውሩ ዕለት ክርክር ያስነሣል።

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የመሬትና የሕንፃ ግብር ሕግ ከ2020 ጀምሮ ተግባራዊ ሆኗል። በመኖሪያ ቤቶች ላይ የሚጣለው ዓመታዊ ግብር እንደ ዋጋቸው ከ0.02 እስከ 0.1 በመቶ የሚደርስ ነው።

ጥንቃቄ የሚያሻቸው ጉዳዮች

የውጭ ዜጎች ድርሻ በሞላበት ሕንፃ አንዳንድ ደላሎች ሌላ መንገድ ያቀርባሉ። የመጀመሪያው ለስም ብቻ የተመዘገቡ የታይላንድ ባለአክሲዮኖች ባሉበት ኩባንያ መግዛት ነው። ለውጭ ዜጋ ሽፋን በመሆን በተከለከለ ሥራ መሳተፍ በ1999ኙ የውጭ ዜጎች የንግድ ሥራ ሕግ እስከ ሦስት ዓመት እስራትና ከ100 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ባህት መቀጮ ያስከትላል።

ሁለተኛው መንገድ የረጅም ጊዜ ኪራይ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ከ30 ዓመት ሊበልጥ አይችልም። ከሦስት ዓመት በላይ የሆነ ኪራይም በመሬት ጽሕፈት ቤት ካልተመዘገበ ለሦስት ዓመት ብቻ ይጸናል። ውሉ ለተጨማሪ 30 ዓመታት ይታደሳል የሚለው ቃል የአከራዩ የግል ቃል ኪዳን እንጂ የተመዘገበ የንብረት መብት አይደለም። ስለሆነም ኪራይን እንደ ባለቤትነት ቆጥሮ መክፈል ለኪሣራ ያጋልጣል።

ግንባታው ያልተጠናቀቀ ቤት መግዛትም የራሱ ሥጋት አለው። በፓታያ ባሊ ሃይ ወደብ አጠገብ ይገነባ የነበረ ከ50 ፎቅ በላይ ቁመት ያለው ሕንፃ፣ የኮረብታውን ገጽታ ይጋርዳል በሚል ከነዋሪዎች ተቃውሞ ከተነሣ በኋላ በ2014 ሥራው እንዲቆም ተደርጎ ለዓመታት ሳይጠናቀቅ ቀርቷል። አስቀድመው የከፈሉ ገዢዎችም ቤታቸውን ሳይረከቡ ቀርተዋል። የገዢን ክፍያ በገለልተኛ አደራ ተቀባይ ዘንድ ለማቆየት የሚያስችል ሕግ በ2008 ቢወጣም፣ አጠቃቀሙ በሁለቱ ወገኖች ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነው። 80 እና ከዚያ በላይ ቤቶች የሚኖሩት ሕንፃ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ፈቃድ ማግኘት ስላለበት፣ ገዢው ቀብድ ከማስያዙ በፊት ፈቃዱ መኖሩን መጠየቅ ይችላል።

ቤቱን ለቱሪስቶች በቀን በማከራየት ወጪውን ለመሸፈን የሚያስቡም አሉ። በ2004ቱ የሆቴሎች ሕግ ከ30 ቀን ባነሰ ጊዜ ማከራየት በአብዛኛው የሆቴል ፈቃድ የሚጠይቅ በመሆኑ የግል ቤት ባለቤቶች ይህንን ማድረግ አይችሉም።

ባለቤቱ ሲሞት ቤቱ ለወራሹ ያልፋል። ወራሹ የውጭ ዜጋ ሆኖ ሕጉ የሚጠይቀውን መመዘኛ ካላሟላ ግን በ60 ቀናት ውስጥ ለባለሥልጣኑ ማሳወቅና በአንድ ዓመት ውስጥ ቤቱን ማስተላለፍ አለበት። ይህንን ካላደረገ ባለሥልጣኑ ንብረቱን የመሸጥ ሥልጣን አለው። ቤት መግዛት በራሱ የመኖሪያ ፈቃድ እንደማያስገኝም ማወቅ ያሻል።

የጣሪያው ክርክር

የ49 በመቶው ጣሪያ በአገሪቱ ፖለቲካ አከራካሪ ሆኖ ቆይቷል። በ2022 በአገሪቱ 40 ሚሊዮን ባህት ለሚያፈስ የውጭ ዜጋ አንድ ራይ፣ ማለትም 1 ሺህ 600 ካሬ ሜትር የመኖሪያ መሬት ለመፍቀድ የቀረበው ረቂቅ ከሕዝብ ተቃውሞ ገጥሞት ተነሥቷል። በ2024ም ጣሪያውን ወደ 75 በመቶ፣ የኪራይ ዘመኑን ደግሞ ወደ 99 ዓመት የማሳደግ ሐሳብ እንዲጠና ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ተመርቶ ብርቱ ክርክር አስነሥቷል።

የሐሳቡ ደጋፊዎች ያልተሸጡ ቤቶች መብዛትና የግንባታው ዘርፍ መቀዛቀዝ ያሳስባቸዋል። ተቃዋሚዎቹ በበኩላቸው የቤት ዋጋ ከአካባቢው ነዋሪ አቅም በላይ እንዳይሆንና የሕንፃዎቹ አስተዳደር በውጭ ዜጎች ድምፅ እጅ እንዳይገባ ይሠጋሉ። የባለቤቶች ድምፅ በንብረታቸው ድርሻ መጠን የሚቆጠር በመሆኑ የ51 በመቶው ድርሻ ትርጉም ከዋጋ ጉዳይ ያለፈ ነው።

የኢትዮጵያ ሁኔታ

በኢትዮጵያ የገጠርም ሆነ የከተማ መሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ይደነግጋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 390 መሠረት የውጭ ዜጋ ያለ ልዩ ፈቃድ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት መሆን ተከልክሎ ቆይቷል። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የውጭ ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን ከዚህ ክልከላ ነጻ ሆነዋል። የጋራ ሕንፃ ቤቶች ባለቤትነት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 ይመራል።

በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ዜጎች የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት የሚሆኑበትን አዋጅ አጽድቋል። በፓታያ ባለፉት አሠርት ዓመታት ሲሠራባቸው የቆዩት ሦስት ማጣሪያዎች፣ ማለትም በየሕንፃው የተወሰነ ድርሻ፣ የውጭ ምንዛሪ መግባቱን የሚያረጋግጥ የባንክ ሰነድና ከዕዳ ነጻ መሆንን የሚገልጽ የማኅበር ደብዳቤ፣ በምዝገባ፣ በገቢዎችና በባንክ ሥራ ላይ ላሉ ባለሙያዎች ለንጽጽር የሚያገለግሉ ናቸው።